ሐተታ በእንተ ቀይ መብራት

ስለ ፀሐይ ግርዶሽ፣ ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግና ስለ ነፍስ ረቂቅነት ሊቃውንት ብራና እስኪያልቅባቸው ጽፈዋል። የኔንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም የተባለው የቪዲዮ ጌም ማሽን ቀይ መብራት ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚል ለማስረዳት ግን ወንበር የተከለ፣ ጉባኤ የዘረጋ መምህር አላየንም። ይህ ለዘመናችን ነውር ነው። ስለሆነም እኛ ካቻቢቴ በቀኝ፣ አልኮል የነካው ጥጥ በግራ ይዘን ጉድለቱን ልንሞላ ተነሥተናል። ደቀ መዝሙር ሆይ፣ ቀረብ በል፤ ሻይህን ግን ከቦርዱ አርቅልን።

የምንተረጉመው ምልክት ይህ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ቀዩ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑም አብሮት ይርገበገባል። በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እንዲህ ሲል ይቆያል፤ ባለቤቱ እስኪታክት አያቋርጥም።

«መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል» አለ። አንድም የካሴቱ ጥርሶች ቆሽሸዋል ሲል ነው። አንድም ካሴቱን የሚቀበለው ባለ 72 ጥርስ ማገናኛ ላልቷል ሲል ነው። አንድም ካሴቱም ንጹሕ፣ ማገናኛውም ጽኑ ሆኖ ሳለ በውስጥ ያለው ቺፕ እንግዳውን ተጠራጥሯል ሲል ነው። አንድም ካሴት ጭራሽ አልገባም ሲል ነው። በዚህ በአራተኛው ፍቺ ተማሪ ሁሉ ይስቃል፤ ልምድ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ የሚመረምረው እርሱን ነው።

ምሥጢሩ እንዲገለጥልን የማሽኑን ትውልድ እንቁጠር። አባቱ ፋሚኮም ይባላል። በማሳዩኪ ኡኤሙራ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1983 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ካሴቱን ከላይ ቀጥ አድርገህ ትሰካለህ፤ 60 ጥርስ ከ60 ጥርስ ይገናኛል፤ አለቀ። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ተንኮታኮተ። አታሪ የተባለው ኩባንያ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በጭነት መኪና ወስዶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍረው ሲወጡ ታይተዋል። ባለ ሱቆቹ ከዚያ ወዲያ የቪዲዮ ጌም ስም ሲጠራ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ኔንቴንዶ ታዲያ ምን አደረገ? ልጁን አስመስሎ አለበሰው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ለሙከራ ሽያጭ የወጣው ማሽን ግራጫ ሣጥን ነበር፤ የፊት ለፊት ክዳን ያለው፣ ካሴቱን አግድም የሚውጥ፣ ለተመልካች ቪዲዮ ዴክ የሚመስል። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች ሲጫን ቀጭን የብረት ጥርሶች ጎንበስ ብለው ይቀበሉታል። መጀመሪያ ላይ ያምራል። ነገር ግን ብረት በየቀኑ ጎንበስ በል ሲሉት ቀና ማለቱን ይተዋል፤ ካሴቱንም ላይ ላዩን ይነካዋል እንጂ መያዝ ያቅተዋል። የእርጅና ሕመም ነው የሚሉ ጸሐፍት አሉ፤ አንቀበላቸውም። ሕመሙ አብሮት ተወልዷል፤ ምንጩም የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ማፈሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

በዚህ ላይ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና አንድ ቺፕ ተጨመረበት። ቴን ኔስ ይሉታል። ከማሽኑ ውስጥ አንድ፣ ከእያንዳንዱ ፈቃድ ካለው ካሴት ውስጥ ደግሞ አንድ አለ፤ ሁለቱ እንደ ሌሊት ዘበኛና እንደ አምሽቶ ገቢ የምሥጢር ቃል ይለዋወጣሉ። ቃሉ ካልገጠመ ዘበኛው ዋናውን ፕሮሰሰር ኮርኩሞ እንደገና ያስጀምረዋል፤ ከሰከንድ በኋላ ደግሞ ይደግመዋል። ቀዩ መብራት የሚርገበገበው በዚህ ኩርኩም ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ማሽን ሞቷል ብለህ አልቅሰህ ከሆነ እንባህን መልስ። አእምሮው ደኅና ነው፤ የታመመው ጥርጣሬው ነው። ከ72ቱ ጥርሶች ለዚህ ቺፕ መልእክት ከሚያደርሱት ጥቂቶች አንዱ አቧራ ከነካው፣ ሕጋዊው ካሴት ራሱ እንደ ሌባ ይባረራል።

ሌባውስ? ሌባው በፍርድ ቤት በኩል ለመግባት ሞክሯል። የአታሪ ጌምስ ሰዎች ለክስ ክርክር ያስፈልገናል ብለው የቺፑን ፕሮግራም ከአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት አወጡ፤ በወቅቱ ክስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ቴንገን በሚል ስም ያለ ፈቃድ ካሴት ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1992 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በእነርሱ ላይ የተጣለውን እግድ አጸናው። ለአንዲት ኩርኩም ይህ ሁሉ ዳኛ!

አሁን ወደ መድኃኒቱ ክርክር እንግባ። በዚህ ጥበብ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እፍ ባዮች፣ ጠራጊዎችና ቀቃዮች።

እፍ ባዮች በቁጥር ይበልጣሉ። ካሴቱን ያወጣሉ፣ በሆዱ በኩል እንደ ዋሽንት ነፍተው ይመልሱታል፤ ማሽኑም ይሠራል። ስለዚህ ትንፋሻችን ፈዋሽ ነው ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ካሴቱን ሳትነፋ አውጥተህ ብትመልሰውስ? ያም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲፋተግ አዲስ ንክኪ ያገኛል እንጂ ትንፋሽ ያደረገው ነገር የለም። ትንፋሽ ያደረገው ካለ እርጥበት መተው ነው፤ እርጥበትም ብረት ይበላል። ኔንቴንዶ ራሱ እፍ አትበሉ ብሎ መክሯል። እኛም ይህን ወገን እናወግዛለን።

ጠራጊዎች የቀና መንገድ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አስጨናቂ ጥቅስ አለባቸው። ካሴቱ ጀርባ ላይ በቤንዚን፣ በቲነር፣ በአልኮል አታጽዱ የሚል ተጽፏል። ጠራጊዎች ሁሉ ደግሞ የሚጠርጉት በአልኮል ነው! ይህን ተቃርኖ እንዴት እናስታርቀው? እኛ እንዲህ እንፈታዋለን፤ ክልከላው ለፕላስቲኩና ለተለጠፈው ሥዕል ነው፣ ፈቃዱ ለብረቱ ነው። ስለዚህ ካሴቱን በ3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ ፈትተህ ቦርዱን ብቻ ታወጣለህ። ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ታርሳለህ፤ ከ90 በመቶ በላይ ይሁን፣ ውኃ የበዛበትን ተወው። ጥርሶቹን ከላይ ወደ ታች ስትጠርግ የመጀመሪያው ጥጥ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግራጫ ይሆናል፤ ሦስተኛውን ብርሃን ላይ ስትይዘው ነጭ ከሆነ አቁም። ከዚያ በታች ወርቃማው ቅብ ብቅ ይላል፤ የድሮ ባለቤቱ ያስገባባቸው ቀናትም በጭረት ተሰምረው ታያቸዋለህ። በላጲስ የሚፈትጉ አሉ። ቅቡ ስስ ነው፤ ላጲስ ለተማሪ ቤት ይቆይ።

ቀቃዮች ደግሞ ማገናኛውን ነቅለው ውኃ ውስጥ ያፈሉታል። መጀመሪያ ስንሰማ ደነገጥን፤ ስንመረምር ግን ማገናኛው ብረትና ፕላስቲክ እንጂ ሌላ ክፍል እንደሌለው አገኘን። ካጠቡት በኋላ ጠብ የሚል ውኃ እስኪጠፋ ማድረቅ ነው። በአዲስ ማገናኛ መተካትም ይቻላል፤ በገበያ ያሉት አንዳንዶቹ ግን ካሴቱን አንቀው ይይዙና ለማውጣት ጉልበት ያስጠይቃሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መብራቱ አሁንም ከተርገበገበ ዘበኛውን ማሰናበት ይቀራል። የማሽኑ ቺፕ 4ኛ እግር ከቦርዱ ሲላቀቅ ጠያቂነቱ ያበቃል፤ ካሴት ሁሉ ሳይጠየቅ ያልፋል። ጠንቃቆች የተላቀቀውን እግር ከኔጌቲቩ መስመር ጋር ያገናኙታል። እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጠው።

ማሽኑን ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልህ ከሆነ ደግሞ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብብ። አዳፕተሩ የ120 ቮልት ልጅ ነው፤ በእኛ 220 ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ሐተታችን ሳያልቅ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር መሀል አስገባ። አዳፕተሩ የሚያወጣው 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ማሽኑ ውስጡ ራሱ ያቀናዋል። ፋሚኮም ግን 10 ቮልት ቀጥተኛ ይፈልጋል፤ የልጁን አዳፕተር ለአባቱ መስጠት ነፍስ ማጥፋት ነው። የአሜሪካው ማሽን በአንቴና ገመድ የሚልከውን ምስል የእኛ ፓል ቴሌቪዥን በወጉ አያነበውም፤ በጎኑ ያሉትን ቢጫና ቀይ ቀዳዳዎች ተጠቀም።

ስለ ቅርፊቱ መወየብ ብዙ አንደክምም። ፕላስቲኩን ያወየበው ብርሃንና ጊዜ ነው፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቀብተው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ሰዎች ያነጡታል፤ ከጊዜ በኋላም ሊመለስ ይችላል። እኛ ቢጫውን እናከብራለን። ዜልዳ የተባለው ጨዋታ ካሴት ካለህ ግን የቦርዱን ባትሪ ለካ፤ ያቺ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስትሞት ያስቀመጥከው ጨዋታ አብሯት ይሞታል።

ኔንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ካሴቱ እንደገና ከላይ የሚሰካ፣ ዘበኛውም የሌለበት ማሽን በ49.99 ዶላር አወጣ። የምስልና የድምፅ ቀዳዳዎቹን ግን ነፈገው፤ በአንቴና ገመድ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ሁለቱ ፊትህ ቢቀርቡ ግራጫውን ሣጥን ውሰድ፣ ጥርሱን ጥረግ፣ 4ኛውን እግር አላቅ።