ዲፎልት አካውንት ከገላን ይውጣ!

በሰፈራችን ሰርጎ ገብ ተይዟል። የያዙት ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ፈጅተው፣ አሁን ጡረታቸውን ልጃቸው ትቶላቸው በሄደው ላፕቶፕ ፊት የሚያሳልፉ ሰው። አንድ ማታ ጥቁሩን መስኮት ከፍተው «ኔት ዩዘር» ብለው ቢጽፉ ኮምፒውተሩ የነዋሪዎቹን ዝርዝር አወጣላቸው። የሚያውቁት ስም አንድ፣ የራሳቸው፤ የማያውቁት አራት።

አጥሩን ተደግፈው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ አራት ሰው ሳላውቀው ሰፍሯል።»

«ኪራይ ይከፍላሉ?»

«አትቀልድ! አንደኛውማ ስሙን መጥራት እንኳ አቃተኝ።»

እውነትም አይጠራም፤ ደብሊው ዲ ኤ ጂ ዩቲሊቲ አካውንት ነው የሚባለው። ሦስቱ ግብረ አበሮቹ አድሚኒስትሬተር፣ ጌስትና ዲፎልት አካውንት ናቸው። አራቱንም የላካቸው ማይክሮሶፍት ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብረው ይጫናሉ።

ወንጀላቸው ከባድ ነው። አድሚኒስትሬተር ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ተቆልፎ የሚመጣ ባለሥልጣን ነው። ጌስት ስሙ እንግዳ ቢሆንም በሩ ዝግ ስለሆነ ማንም ገብቶበት አያውቅም። ዲፎልት አካውንት ይኸው በዊንዶውስ 10 ዘመን ከመጣ ጀምሮ ተኝቷል። ስሙ የማይጠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቀጠረው አጠራጣሪ ድረ ገጽ ሲከፈት ከዋናው ቤት ለይቶ በተከለለ ክፍል እንዲያስተናግድ ነበር። ዘበኛ ማለት ነው። እኛ ዘበኛውን ያዝነው! የእያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር መጨረሻው የታወቀ ነው፦ 500፣ 501፣ 503፣ 504። ስማቸውን ብትለውጡት እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። ለአንድ መታወቂያ ስንት ቀን ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይህን ሲሰማ ቢቀና አይፈረድበትም።

«ኔት ዩዘር» ከሚለው ቀጥሎ ስማቸውን ብትጽፉ «አካውንት አክቲቭ፦ ኖ» ይላችኋል። የተቆለፈ፣ የማይሠራ። ጋሼ ግን ይህን ሲያነቡ ይበልጥ ደነገጡ። «ተኝቶ የሚጠብቅ ነው የሚያስፈራው» አሉኝ።

በነገራችን ላይ፣ ሳንጠየቅ መመዝገብ ለእኛ ለገላኖች አዲስ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር በሚባል ከተማ ሥር ተመዝግበን ነቅተናል፤ አካውንቱን የከፈትነው እኛ አይደለንም። ፎርማት የተደረገ ሰፈር የለም አልልም፤ እሱ ግን የላፕቶፕ ጉዳይ አይደለም።

ባለሙያ ተጠራ። ዝርዝሩን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ መነቅነቁ ከዋጋው ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ ተጠልፈዋል። ፎርማት ነው።» ፎርማት የኮምፒውተር ኮሶ ነው፤ ሆድ ለቆረጠውም እግሩ ለተሰበረውም ያው ይጠጣል። ሁሉን ደመሰሰና ከፍላሽ የተገለበጠ ዊንዶውስ ጫነ። ፈቃድ የለውምና ክራክ አስገባ። ክራኩ አንቲቫይረስ ስለማይወድ አንቲቫይረሱን አጠፋለት፤ እንግዳ ውሻ ከፈራ ውሻውን ማሰር ያገራችን ወግ ነው። ክራኩን ማን እንደሠራው፣ ከየት አገር እንደመጣ ባለሙያውም አያውቅም፤ በሙሉ ሥልጣን ግን ገባ። ጋሼም አልጠየቁም። በዝርዝሩ ላይ ስሙ የለማ!

ሰላይ ስሙን አስመዝግቦ የሚገባ ለሚመስለው ሰው አንድ ታሪክ ልንገር። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የሚያውቀው ወገናችን እ.ኤ.አ. በ2012 መገባደጃ በኢሜይል የደረሰውን የወርድ ሰነድ ከፈተ። በክሱ እንደተጻፈው ከሰነዱ ጋር ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ቤቱ ገባ። ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፤ ልጁ ለ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሳይቀር ለቀመ። ኪዳኔ የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ኪዳኔ እንደ ገላኖች ብልህ ቢሆን ኖሮ በዚያው ማታ «ኔት ዩዘር» ብሎ ጌስትን በቁጥጥር ሥር ባዋለ ነበር። ፊንስፓይም ከጀርባ ሆኖ ያጨበጭብለት ነበር።

የጋሼን ላፕቶፕ እሳቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ጌም የሚጭነው የአከራዬ ልጅ በአንድ ስም፣ በሙሉ ሥልጣን ይጠቀሙበታል። የይለፍ ቃሉ 123456 ነው። እንዳይረሳ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ሥር በስክሪብቶ ተጽፏል። ይህን ምስጢር በማውጣቴ ጋሼ አይቀየሙኝም፤ ቡና የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፎርማቱ በኋላ «ኔት ዩዘር» አሉ። አራቱም በቦታቸው! ባለሙያው ተመልሶ ሁለተኛ ኮሶ አጠጣ። አሁንም አራቱ፤ በዚህኛው ዙር አምስተኛም ተጨምሯል፦ «ቴክ»። ይህ ክፍት ነው፣ ባለሙሉ ሥልጣን ነው፣ የይለፍ ቃል የለውም። ጣቴን አሳርፌ «ይሄስ?» ብላቸው ጋሼ ሳቁብኝ። «እሱማ የባለሙያው ነው! ከሩቅ ሆኖ እንዲያየን ብሎ ትቶት የሄደው።»

ሦስተኛው ፎርማት ቅዳሜ ነው። የልጃቸው የሠርግ ፎቶዎች የጠፉት በመጀመሪያው ነው።