ጉግል የሚወደው ድረ ገጽ

ላሊበላ ላይ ማረፊያ የሚከፍት ሰው ስለ ውሃና መብራት አይጨነቅ፤ መጀመሪያ ጉግል የሚወደውን ድረ ገጽ ይምረጥ። ለድረ ገጽ መሥሪያው ጁምላ የሚሉ አሉ፤ አዋቂዎቹ ግን ዎርድፕረስ ይላሉ። ዮስት የሚባለው ፕለጊን ለፍለጋ የተመረጠው ቁልፍ ቃል በበቂ ሲደጋገም አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቀይ ያበራል። እናም «ምርጥ ሆቴል ላሊበላ፣ በላሊበላ ምርጥ የላሊበላ ሆቴል» ተብሎ ይጻፋል። አረንጓዴ! ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንኳ አረንጓዴው ንቅንቅ አላለም። ገጹ አምስተርዳም ላለ ሰው በዓይን ጥቅሻ ይከፈታል፤ ባለቤቱ የእንግዳውን መልእክት የሚያየው ኔትወርክ ሲመጣ ነው፤ ያው እንግዳው አገሩ ከተመለሰ በኋላ።

የሚያሳዝነው የላሊበላው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ጊዮርጊስ ነው። አለቱን ቁልቁል ፈልፍለው ከሩቅ እንዳይታይ አደረጉት፤ አንድም ቁልፍ ቃል የለው። ለገና የሚጎርፈው ምእመን በምን አግኝቶት እንደሚመጣ በባለሙያ እየተጣራ ነው።