131072

መጋቢት 1994 ዓ.ም. ነው። ጋምቤላ ላይ የባሮ ወንዝ ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ አይቻልም፤ ሰው ሁሉ የማንጎ ጥላ ፍለጋ ወጥቷል። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቼ ላቤን እጠርጋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ፋይሎች አንድ ቦታ እንዲቀመጡ ሊኑክስ ጫንበት ተብዬ ነበር።

ጭነቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ራሙ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱ፣ ማለትም ከሊኑክሱ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ራሙን ይቆጥርና 131072 ላይ ይቆማል፤ በኪሎባይት ነው፣ 128 ሜጋባይት ማለት። ሊኑክሱ ከተነሳ በኋላ ስጠይቀው ግን 64 እንኳ አይሞላም። ግማሹ የለም።

ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ አቧራው ነው አልኩ። ሁለቱን ራሞች ነቅዬ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ አሸሁ፤ ቦታ አቀያየርኩ፤ መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። አንዱን ብቻ ስሰካ 64፣ ሌላውን ብቻ ስሰካም 64፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካም ያው 64። የቢሮው ጥበቃ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ቂም ይዞብሃል፤ ነገ ይደርሳል፣ ና ውጣ» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩ እንጂ አልወጣሁም።

በወሩ መጨረሻ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ከአበሌ ቀንሼ ሌላ 64 ሜጋባይት ገዛሁ። በመቱና በጎሬ አድርጌ የሁለት ቀን መንገድ ተመለስኩ፤ ራሟን በሸሚዝ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ሰካኋት። ባዮሱ 196608 ቆጠረ። ሊኑክሱ አሁንም 64።

ያን ሌሊት ከሊኑክሱ ሲዲ ጋር የመጣውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ፤ ነገሩም እዚያ ተገኘ። ሲስተሙ ሲነሳ ራሙን ራሱ አይቆጥርም፤ ባዮሱን ይጠይቃል። በእጄ የነበረው የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነል 2.0፣ የሚያውቀው አሮጌውን ጥያቄ ነው፦ «ከመጀመሪያው አንድ ሜጋባይት በላይ ስንት ኪሎባይት አለህ?» ባዮሱ መልሱን የሚያስቀምጥበት መያዣ 16 ቢት ብቻ ነው፤ ከ65535 በላይ ቁጥር አይገባበትም። 64 ሜጋባይት ላይ የሚያቆመው ይኸው ነው። ጥያቄው የተበጀው በ286 ዘመን ነው፤ ያ ፕሮሰሰር ከ16 ሜጋባይት በላይ መድረስ ስለማይችል መያዣው ያኔ ሰፊ ነበር። በኋላ ኢ820 የሚባል ጥያቄ መጣ፤ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍል ከየት ጀምሮ ምን ያህል እንደሆነ፣ የትኛው ነጻ፣ የትኛው የተያዘ እንደሆነ ዘርዝሮ ይሰጣል። ከርነል 2.4 ይህን ይጠይቃል፤ እኔ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

ጋምቤላ ላይ ሆኖ ይህን ማንበብ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ከተማዋ በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ የቆመች የመርከብ ወደብ ነበረች። ቡናው ከደጋ ወርዶ ወንዙ ዳር ይከማች ነበር፤ የካርቱም መርከብ ግን ይመጣ የነበረው ክረምት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። ሱዳን ይደርስ የነበረው መርከቧ የጫነችው ያህል ነው፤ የቀረው ቡና ጠፋ አይባልም፣ መጋዘን ውስጥ ነበር። የኔም ራም እንዲሁ ነበር።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሊሎ፣ ሲነሳ ከርነሉን «ሜም=192ኤም» ብሎ መንገር። ጓጉቼ መጀመሪያ 256 ብዬ ጻፍኩና ማሽኑ ገና ሲነሳ ወደቀ፤ ከርነሉ የሌለ ቦታ ላይ ሊጽፍ ሄዶ ነው። ቀጥሎ 192 አልኩ። ተነሳ፤ ሙሉውን አየ። መስመሯን እንዳትጠፋ የሊሎ ፋይል ውስጥ አስገባኋት።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ካለ፣ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ባዮሱ ሲነሳ የሚቆጥረውን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሲስተሙ ከሚያሳየው ጋር አስተያዩት። ቦርዱ ላይ ያለ ቪዲዮ ከራሙ የሚበደር ከሆነ ያንን ቀንሱለት። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ራሙን አትንቀሉት።