የኩሽኔታ መኪና፦ የንድፍ፣ የፍሬንና የባለቤትነት ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ካመጣው መኪና ነው። ከዚያ በጣሊያን ከባድ መኪኖች በኩል ያልፍና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ደጃፍ ላይ ያበቃል። ንድፉም፣ ምርቱም፣ የፍጥነት ሙከራውም፣ የአደጋ ምርመራውም በአንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሰፈር የሚጠናቀቀው የኩሽኔታ መኪና ግን የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አልደረሰውም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥሬ ዕቃው ዝርዝር አጭር ነው፦ አንድ ልጅ የሚያስቀምጥ ጣውላ፣ ሁለት ቁራጭ ሞራሌ፣ አንድ ረጅም ብሎን፣ ሚስማር፣ ኩሽኔታ። ጣውላው በአብዛኛው ከአጥር ይገኛል፤ አንዳንዴም ከአባት አልጋ ርብራብ (ይህ ሁለተኛው ምንጭ እስከ ማታ ብቻ ያገለግላል)። የኋላው ሞራሌ ከጣውላው ጋር በሚስማር ይጠረቃል። የፊተኛው እንዲዞር ስለሚፈለግ መሃሉን በብሎን ብቻ ይያዛል። ጫፎቹ በቢላ ይጠረቡና ኩሽኔታው በመዶሻ እየተመታ ይገባባቸዋል። የውስጡ ቀለበት እንጨቱን ነክሶ ይቀራል፤ የውጪው አስፋልት ላይ ይሽከረከራል፤ በመካከላቸው ያሉት የብረት ብዮች የቀረውን ይሠራሉ። መሪው የሹፌሩ ሁለት እግር ነው።

ኩሽኔታ አዲስ አይገዛም። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ፣ መካኒኩን «ጋሼ» እያሉ፣ ያልተጠየቁትን ውኃ እያቀበሉ ይለመናል። መካኒኩ «ይሄ አልቋል» ብሎ የጣለው ኩሽኔታ በላምባ ይታጠባል፣ በተቃጠለ ዘይት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል። አቅርቦቱን የሚሻማ ሌላ ኢንዱስትሪም አለ፤ ኩሽኔታን ሰብሮ የብረት ብይ የሚያወጣው የብይ ተጫዋቾች ዘርፍ ነው። ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ የጋራ ፖሊሲ የላቸውም።

ለቁጥር ወዳጆች፦ 6205 የተባለው የተለመደ ኩሽኔታ የውጪ ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከ6,100 ጊዜ በላይ መዞር ይኖርበታል። ድምፁ ለምን ሦስት ሰፈር እንደሚያልፍ ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ጡሩምባ ያልተገጠመለትም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሞተር የለውም፤ ቁልቁለት አለው። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ 5 ሜትር ቁልቁል የወረደ ማናቸውም ነገር በሰዓት ወደ 35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይደርስ ነበር። በአሜሪካ፣ አክሮን ከተማ፣ ልጆች ሞተር አልባ መኪና ይዘው ቁልቁል የሚወዳደሩበት በዓል ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል፤ ለዚሁ ሲባል መንገድ ተሠርቶላቸዋል። ለአዲስ አበባ ልጅ ማንም መንገድ አልሠራለትም። እንጦጦን ከላይ ያስቀመጠለት ፈጣሪ ግን ነገሩን አስቦበታል።

ፍሬኑ ተረከዝ ነው። እዚህ ላይ ጥናቱ አንድ ያልተጠበቀ ግኝት አለው። በረባሶ የሚሠራው ካረጀ የመኪና ጎማ ስለሆነ፣ በረባሶ የተጫማ ሹፌር ሲኖር ተሽከርካሪው ጎማ የለውም፣ ሹፌሩ ግን አለው። ኮንጎ ጫማ የተጫማው ደግሞ በሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ሸራ ይቀራል። የሦስተኛ ወገን መድን ስለሌለ ካሣው በተጎጂው ምርጫ፣ በአብዛኛው በኩርኩም ይከፈላል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኮብልስቶን ወደ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ዘርፉ ክፉኛ ተመታ። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ከጭቃ ወጣ፣ እናቶች ደስ አላቸው። ብረት በጥርብ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የተቀመጠውን ሰው መንጋጋ ምን እንደሚያደርግ ግን የመንገዱ ነዳፊዎች የጠየቁ አይመስልም።

ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። መኪናው በተግባር የአክሲዮን ማኅበር ነው፦ አንዱ ጣውላ ያመጣል፣ ሌላው መዶሻ ከቤት ይሰርቃል፣ ሦስተኛው ብሎን አለው፣ አራተኛው ታላቅ ወንድሙ ጋራዥ ስለሚሠራ ኩሽኔታ ያቀርባል። ድምፅ የሚሰጠው በአክሲዮን ብዛት ቢሆን ጣውላ ያመጣው ይበልጣል፤ ያለ ጣውላ መቀመጫ የለማ! በተግባር የሚነዳው ግን ባለኩሽኔታው ነው፤ ሁለት ዙር ነድቶ ጣውላ ያመጣውን ያስነዳል፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ። ባለመዶሻው ቀትር ላይ መዶሻው ስለተፈለገ ከማኅበሩ ይሰናበታል። ባለጣውላው ቅሬታ ካቀረበ መልሱ አንድ ነው፦ «ኩሽኔታዬን ነቅዬ እሄዳለሁ»። የኩባንያ ሕግ ያልደረሰበት የድርድር ስልት ነው፤ እስካሁን ተሸንፎ አያውቅም።

ምንም ሳያዋጣ የገባ አባልም አለ። እሱ ገፊ ነው። ብዙ ጊዜ የአንዳቸው ታናሽ ወንድም ይሆናል። ሥራው ሜዳ ላይ ጀርባ መግፋት፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር መልቀቅ፣ ከታች እስኪደርሱ ሮጦ መድረስ፣ ከዚያ መኪናውን በገመድ ዳገቱን እየጎተተ መመለስ ነው። «እኔስ መቼ ነው የምነዳው?» ብሎ ሲጠይቅ ቦርዱ ለአፍታ ተያይቶ «የሚቀጥለው ዙር» ይለዋል፤ የሚቀጥለው ዙር ሲደርስም እናቱ ለምሳ ትጣራለች።