እንኳን ለሦስተኛው ሪማስተር በሰላም አደረሳችሁ

እንኳን አደረሳችሁ! ዘመን ተለወጠ፣ ኮንሶል ተለወጠ፣ ጌሙ ግን ተመስገን አልተለወጠም። ከአሥር ዓመት በፊት የገዛችሁት ጨዋታ ዛሬም በሕይወት አለ፤ እንዲያውም ዋጋው ጨምሯል። ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል የሚለው የድሮ እምነት ለሶፋና ለቴሌቪዥን እንጂ ለቪዲዮ ጌም እንደማይሠራ ላስተማሩን ኩባንያዎች ምስጋና መንፈግ ውለታ ቢስነት ነው። እነሆ ምስጋናችን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር ከቆጠርነው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለምንሆን ሌላ ሪማስተር ይታዘዝልናል ብዬ ፈርቻለሁ።)

ሪማስተር ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ የቆየውን ጌም አውጥቶ ምስሉን ማጥራት፣ ፍጥነቱን መጨመር፣ በአዲሱ ኮንሶል እንዲከፈት ማድረግና ዋጋ መለጠፍ ነው። ከአራቱ ሥራዎች ያለ እንከን፣ በቀኑ የሚጠናቀቀው ሁልጊዜ አራተኛው ነው።

ከበዓላቱ ሁሉ የከበረው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ነው። ናውቲ ዶግ የሠራው ይህ ጌም በጁን 2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ዓለም ወደደው፣ አለቀሰበት። በጁላይ 2014፣ እንባው ገና ሳይደርቅ፣ ለፕሌይስቴሽን 4 ሪማስተር ሆኖ መጣ። በዓመት ከአንድ ወሩ አርጅቶ ነበርና ታደሰ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ «ፓርት ዋን» ተብሎ፣ ምስሉ ከመሠረቱ ተሠርቶ፣ ለፕሌይስቴሽን 5 በ70 ዶላር ቀረበ። ልብ በሉ፤ የ2014ቱ ቅጂ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ያለ ምንም ችግር ይከፈታል። የተቸገረን መርዳት ማንም ያደርገዋል፤ ያልተቸገረን ደርሶ ማዳን ግን የተለየ ልብ ይጠይቃል። ተጫዋቾች በኢንተርኔት እርስ በርስ ይፋለሙበት የነበረው «ፋክሽንስ» የተባለው ክፍል ከአዲሱ ውስጥ ቀርቷል። በምትኩ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጆኤል ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጢም መቁጠር ለሚወድ ሰው 70 ዶላር ምን አላት?

ሁለተኛው ክፍል በጁን 2020 ወጥቶ በጃንዋሪ 2024 ሪማስተር ሆነለት። ታላቁ በዓመቱ ሲታደስ ታናሹ ሦስት ዓመት ተኩል መጠበቁ አድልዎ ነው፤ ቅሬታችን ይመዝገብልን።

ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ? በ2023 ማይክሮሶፍት አክቲቪዥንን ለመግዛት አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲሟገት፣ የቀረበ አንድ የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሶኒ ሰነድ በጥቁር ቀለም በደንብ ሳይሸፈን ቀርቶ ምስጢር አወጣ። ሁለተኛውን «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ለመሥራት 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በዚህ ወጪ አዲስ ታሪክ መሞከር ቁማር ነው። አንዴ የተሸጠውን መልሶ መሸጥ ግን ቁማር አይደለም፤ ገዢው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚያለቅስ ሳይቀር አስቀድሞ ይታወቃል።

«ሆራይዘን ዜሮ ዶውን» ደግሞ የ2017 ጌም ነው። በ2021 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲሄድ የሚያደርግ ማስተካከያ በነፃ ተለቆለታል። ያማረ፣ የሚሠራ፣ ምንም ያልታመመ ጌም ነው። እንግዲህ በኦክቶበር 2024 ሪማስተር ተደረገ። ነባሩ ያለው ሰው 10 ዶላር ጨምሮ አዲሱን ያገኛል ተባለ፤ እሰየው። ነገር ግን አሮጌውን በርካሽ ገዝቶ፣ 10 ዶላር ጨምሮ አዲሱ ላይ የሚዘል ብልጥ እንዳይኖር፣ በዚያው ሰሞን የአሮጌው ዋጋ ከ20 ወደ 40 ዶላር ወጣ። በሰፈራችን «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳህን ይሰጣል፤ ሲከራከሩት ጆግም ይጨምራል። ይህኛው ልዋጭ ግን አሮጌውንም አዲሱንም ራሱ ይሸጥልሃል፤ ሳህኑንም የምትሰጠው አንተ ነህ።

ሶኒን ብቻ አመስግኖ ማለፍ ደግሞ ሮክስታርን ማስቀየም ይሆናል። «ጂቲኤ 3» በ2001፣ «ቫይስ ሲቲ» በ2002፣ «ሳን አንድሪያስ» በ2004 የወጡ ናቸው። በኖቬምበር 2021 ሦስቱ በአንድ ጥቅል፣ «ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው፣ በ60 ዶላር ቀረቡ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራውን ጠብቆ፣ በደቂቃ እየከፈለ የሳን አንድሪያሱን ሲጄን ብስክሌት ያስነዳ ትውልድ ሁሉ ልቡ ዘለለች። በዓለም ላይ ከፍተኛ ገንዘብ ካስገቡ ጌሞች ጀርባ ያለው ሮክስታር ሥራውን የሰጠው ቀደም ሲል የሞባይል ቅጂዎቹን ላዘጋጀ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ነበር። ቁጠባ ጥሩ ነው።

ያን ሁሉ ሥዕል ሰው አንድ በአንድ ከሚያድሰው ማሽን ያግዝ ተባለ። ማሽን ታታሪ ነው፤ የደበዘዘውን ያጠራል፣ ያልገባውን ደግሞ ይገምታል። የየሱቁ ጽሑፍ ፊደሉ ተዛነፈ። ሳን አንድሪያስ ውስጥ የአንድ ዶናት ቤት ምልክት ሆኖ የቆመ ትልቅ የብሎን ዳዶ ነበር፤ የሱቁን ስም ይዞ የተቀለደ ቀልድ ነው። አዲሱ እትም ስድስቱን ማዕዘን አለስልሶ ክብ አደረገው። ክብ ዳዶ በቁልፍ እንደማይፈታ ሶማሌ ተራ የሚውል ማንኛውም ረዳት መካኒክ ይነግራቸው ነበር፤ አላማከሩትም። ዝናቡም ታደሰ፤ ዓይን የሚጋርድ ነጭ ክር ሆኖ ስለሚወርድ መኪና የሚነዳው ሰው መንገዱን በጸሎት ነው የሚያገኘው።

ከሁሉ የባሰው ግን ጭጋጉ ነው። በነባሩ ሳን አንድሪያስ ርቀት በጭጋግ ይሸፈን ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከዚያ በላይ ማሳየት አይችልም። ያ ድክመት አገሩን አሰፋው፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መንዳት መንገድ መሄድ ነበር። አዳሾቹ ጭጋጉን ገፈፉት። ያኔ ሩቅ ይመስሉን የነበሩት ከተሞች አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ሆነው ተገኙ። የልጅነት አገራችን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረች በ60 ዶላር ተረዳን።

ነባሮቹ ሦስቱ ጌሞች አዲሱ ከመውጣቱ በፊት ከዲጂታል መደብሮች ተነሥተው ነበር፤ ሰው እያወዳደረ እንዳይጨነቅ ይሆናል። የፒሲው ቅጂ ደግሞ መካተት ያልነበረባቸው ፋይሎች ገብተውበታል ተብሎ ለቀናት ከሽያጭ ወረደ። ኖቬምበር 19 ላይ ሮክስታር ይቅርታ ጠየቀ፤ ነባሮቹንም ለፒሲ እመልሳለሁ አለ። ከዚያ ማስተካከያ በማስተካከያ ላይ እየተደረበ ሦስት ዓመት አለፈ። በኖቬምበር 2024 የመጣው ትልቁ ስጦታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮውን ሰማይና ብርሃን የሚመልስ ምርጫ። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሦስት ዓመት ተጠብቆ፣ አዲሱ ጌም በመጨረሻ አሮጌውን መምሰል ቻለ።

ጭጋግ ላይ ቂም የያዘው ሮክስታር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 የወጣው «ሳይለንት ሂል 2» ውስጥ ጭጋጉ ያልተሠራውን የሚሸፍን መጋረጃ ነበር፤ ፍርሃቱም የሚኖረው እዚያው መጋረጃ ውስጥ ነው። በ2012 ለአዲስ ኮንሶል የወጣው ቅጂ ሲዘጋጅ፣ የጌሙ ባለቤት ኮናሚ እጅ ላይ የተጠናቀቀው ሶርስ ኮድ አልነበረም። ለአዳሾቹ የደረሳቸው ያላለቀ ኮድ ነው፤ በዚህም የተነሣ ከዓመታት በፊት አንዴ የታረመውን ስሕተት እንደ አዲስ ሲያርሙ ከረሙ። ጭጋጉ ሳሳ፣ የተደበቀው ያልተሠራ ዳርቻ አፈጠጠ። ተጫዋቹ ከጭራቁ ይልቅ ጌሙ መሐል ላይ እንዳይቆምበት መፍራት ጀመረ፤ እንዲህ ካየነው የአስፈሪነቱ ደረጃ ጨምሯል። ለኤክስቦክስ 360 ገዢዎች ይወጣል የተባለው ማስተካከያም ቀረ።

የብሊዛርድ ሥራ ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቃል። የ2002ቱ «ዋርክራፍት 3» ሰዎች የራሳቸውን ካርታ ሠርተው የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር፤ ዓለምን ያዳረሰው «ዶታ» የተወለደው ከዚያ ነው። በጃንዋሪ 2020 እድሳቱ፣ «ሪፎርጅድ»፣ ወጣ። በ2018ቱ የኩባንያው ዝግጅት ላይ ሰዉ ያጨበጨበላቸው በአዲስ መልክ የተሠሩ ትዕይንቶች ቀርተዋል፤ የተጫዋቾች የደረጃ ሰንጠረዥም በመጀመሪያው ቀን አልነበረም። በውሉም ላይ ተጫዋቾች ወደፊት የሚሠሩት ካርታ ሁሉ የብሊዛርድ ንብረት እንዲሆን ተጻፈ፤ ሁለተኛ ዶታ ቢወለድ ከእጅ እንዳያመልጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ተራ ኪሳራ ነው። ድንቁ ነገር አዲሱን ያልገዛው ሰው ኮምፒውተር ላይ የነበረው የድሮ ጌምም በዝማኔ ተተክቶ፣ የነበረውን ጥቅም አጥቶ መገኘቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እነዚህ ግን የጣሉት የራሳቸውን ሳይሆን በኛ ብብት የነበረውን ነው። በሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎች የሰጡት አማካይ ነጥብ ከአሥሩ አንድ እንኳ አልሞላም፤ ኩባንያው ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ።

ስለ «ስካይሪም» ብዙ አልልም። በ2011፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2021 ወጥቷል። ባለቤቶቹ በ2018 በአማዞን አሌክሳ በድምፅ የሚጫወቱት «ስካይሪም» አለን ብለው በራሳቸው ቀለዱ፤ ቀልዱ እውነት ሆኖ ተገኘ።

አንድ ክርክር አላቸው፤ በቅንነት እንስማቸው። «እኛ ባናድስ ኖሮ የቆዩ ጌሞች ይጠፉ ነበር፤ እኛ ቅርስ ጠባቂዎች ነን» ይላሉ። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በጁላይ 2023 ያወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በጊዜው በገበያ እንደማይገኙ ያሳያል። ጠባቂዎቻችን እንግዲህ የሚጠብቁት የቀረውን 13 በመቶ፣ ከእሱም ውስጥ ያልጠፋውንና ሊጠፋ የማይችለውን ነው። የ2008ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ 4» ከአሥር ዓመት በላይ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ታስሮ ሲቀር፣ በአዲሱ ኮንሶል እንደልቡ የሚከፈተው «ሆራይዘን» ታደሰ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ተመራማሪዎች ከገበያ የወጡ ጌሞችን በቤተ መጻሕፍት በኩል ከርቀት ከፍተው ማየት እንዲፈቀድላቸው ሲጠይቁ የአሜሪካ የጌም ኩባንያዎች ማኅበር ተቃወመ፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም በኦክቶበር 2024 ጥያቄውን አልተቀበለውም። ቅርሱን እነሱ አይሸጡትም፣ ሌላው እንዲያየውም አይፈቅዱም፤ ጥበቃው ጠንካራ ነው።

ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ካልኩ ሽሙጤ ሐሰት ይሆናል። በ2020 ኢኤ ያወጣው «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ሪማስተርድ» የ1995ንና የ1996ን ሁለት ጌሞች በ20 ዶላር አቀረበ። የድሮውን ሙዚቃ የሠራው ሰው ተጠርቶ ተመለሰ፤ ከኮዱም ከፊሉ ለሕዝብ ተለቀቀ። ስፔስ ባርን ስትጫኑ የድሮው ምስል በቅጽበት ይመጣል፤ ለሮክስታር ሦስት ዓመት የፈጀበት ነገር እዚህ አንድ ቁልፍ ነው። የ1999ኙ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ደግሞ በ2013 ሲታደስ በዚያው አልቆመም፤ በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ሾተል የያዘ ተዋጊ አላቸው፣ ዮዲት የራሷ ዘመቻ አላት፣ ወታደሮቹም ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ። በ2019 በድጋሚ ሲታደስም አብረው ተሻገሩ። እንዲህ ያለውን ሁለት ጊዜ ቢሸጡልን አንከፋም።

እኛ አገር ቤት ያለነው ከቀረው ኪሳራ በሶኒ ጥበብ ድነናል። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንት የሚከፍተው ልጅ አሜሪካ ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ የመግዣ ካርዱን ደግሞ ቨርጂኒያ ያለች አክስቱ ትልክለታለች። አክስቴ ሆይ፣ ለዚያው ጌም ለሦስተኛ ጊዜ ካርድ ሲጠይቅሽ የቀደሙት ሁለቱ የት ሄዱ በይው።

እናንተም የድሮ ዲስካችሁን ለማንም አትስጡ፤ የሚያነብበውን ኮንሶልም አትሽጡ። ሪማስተር ሲታወጅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ነባሩ በእጄ ባለው ኮንሶል አይከፈትም? አዲሱ ሲወጣ ነባሩ ገበያ ላይ ይቆያል? ከነባሩ የተቀነሰ ነገር የለም? መልሱ ካላማረ በወጣበት ቀን አትግዙ። የ«ስካይሪም» አለቃ ቶድ ሃዋርድ ራሱ በ2018 እንድናቆም ከፈለጋችሁ መግዛት አቁሙ ብሎናል፤ ሰውየው እውነቱን ነው።