ለበዓል ጣጣ አዲስ መላ

መስከረም ቦንጋ ላይ ድግስ በድግስ ይደራረባል። የእንቁጣጣሽ ድፍድፍ ሳያልቅ መስቀል ይደርሳል፤ የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮም በቦንጌ ሻምበቶ የሚከበረው በዚሁ ወር ነው። ጣጣውም አብሮ ይደራረባል። ሰው ሁሉ ጣጣውን ያማርራል፤ መላ የሚዘይድ ግን የለም። እኔ ዘይጃለሁ።

ከበጉ ልጀምር። የቦንጋ በግ ግዙፍና ላታም ነው፤ በዝናው የሚፎካከረው ጥቂት ነው። ችግሩ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አያበቅሉም። የሌላ አገር ሰው የገዛውን ሙክት ቀንዱን ጨብጦ እየጎተተ ቤቱ ይገባል። እኛ ምኑን እንያዝ? ጆሮውን ብንይዝ ያሙለጨልጫል፤ ላቱን ብንይዝ የበዓሉን ዋና ነገር ሜዳ ላይ ማንገላታት ይሆናል። መላው የኪራይ ቀንድ ነው። ከገበያ እስከ ግቢ በር ብቻ የሚያገለግል፣ በጠፍር አገጩ ሥር የሚታሰር፣ በመያዣ ገንዘብ የሚሰጥ። ቀንዱን ሳይመልስ ያረደ፣ ቆዳውን ለቀንድ አከራዩ ማኅበር ገቢ ያደርጋል።

ቀጥሎ ዶሮ። ዶሮ ሌላ ከተማ ብታመልጥ ጎረቤት ግቢ ትገኛለች። እዚህ ግን ጫካ ትገባለች፤ ጫካው ደግሞ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ነው። የትናንት የገበያ ዶሮ ዛሬ ዓለም አቀፍ ጥበቃ አላት ማለት ነው! አሥራ ሁለት ብልት ልናወጣላት ስንከጅል እሷ የብዝኀ ሕይወት አካል ሆና ቁጭ። ስለዚህ ማንኛዋም የበዓል ዶሮ ከመሸጧ በፊት ጫካ ብትገባ እንኳ የዱር እንስሳ ነኝ እንደማትል በሁለት ምስክር ፊት እግሯን ቀለም ነክራ ትፈርም።

መብራትስ? ዋዜማ ላይ፣ ሊጡ ምጣድ ሲነካ ድርግም ይላል። እስቲ አስቡት። የካፋ ዝናብ ጎጀብን ይሞላል፤ ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ላይ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ተገትሯል። ውኃውን የምንልከው እኛ፣ በኩራዝ ሽንኩርት የምናቁላላውም እኛ! መላው ዝናቡን ማገት ነው። የከተማው ሰው ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ጋኑንና የልጆች መታጠቢያውን ሳይቀር ደጅ ያወጣል። ምጣዱ ሲግል ዝናቡ በሰላም ይለቀቃል።

ከሁሉ የሚከፋው የአዲስ አበባ እንግዳ ነው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተንገላትቶ ይመጣና ለቡና መገኛ አገር ስጦታ ብሎ የሚያቀርበው ምን መሰላችሁ? በፕላስቲክ የታሸገ የተፈጨ ቡና! ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያለበት ከተማ! የጥንቱ የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በዘበኛ በሚጠበቅ በር ያስከብር ነበር። እኔ ቦዩ ይቅር ብያለሁ፤ ጎጀብ ድልድይ ላይ አንድ ኬላ ይበቃናል። ፈታሹ ቡናውን ይወርሳል፤ ባለቤቱን አቦል፣ ቶናና በረካ አጠጥቶ፣ ኮረሪማ አስይዞ ያሳልፈዋል። ሁለተኛ የያዘ እንደገና ከአቦል ይጀምራል።

በየቤቱ እየዞሩ «በሞቴ!» መባሉም አለ። ሦስተኛው ቤት ላይ ሆድ እጁን ይሰጣል፤ አፍ ግን እምቢ ማለት አልተማረም። ለዚህ ሕጋዊ ወኪል ያስፈልጋል፤ በስሜ የሚጎርስ፣ በስሜ የሚመርቅ፣ «ቅመሱልኝ እንጂ» ሲባል በስሜ የሚሽኮረመም። ክትፎ ያለበት ቤት ግን ውክልናው አይሠራም፤ እዚያ ራሴ እቀርባለሁ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ጓዳ ተቀምጣ፣ ክምር ሽንኩርት ፊቷ አድርጋ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች አዳመጠችኝ። የኪራይ ቀንዱ ላይ ሳቀች። ዝናብ እገታው ላይ «ባልዲውን ተሸክሞ የሚያወጣው ማነው?» አለች። ለቀንዱ ጠፍር የሚሰፋው፣ ጋኑን የሚያጥበው፣ ለኬላው ቡና የሚቆላው ማን እንደሆነም በየተራ ጠየቀች። ዝርዝሩ ገና አልተጠናም አልኳት።

«እንግዲያው እኔም አንድ መላ ልጨምርልህ» አለች።

«ጨምሪ እንጂ!» ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

«ብዕሩን ተወውና ቢላዋውን ያዝ። ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ።»

ቀልድ እወዳለሁ፤ ማጋነንም ቢሆን አልጠላም። ግን ለሁሉም ልክ አለው። እንዲህ ያለ ከባድ ሐሳብ በችኮላ አይወሰንም፤ ኮሚቴ ይቋቋምለት፣ ከበዓሉ በኋላም ተሰብስቦ ይምከርበት።