ጥራዙ ያምራል
ስለ ሺንሺቾ የተጻፈ የተማሪ ጥናት ከተማዋን ዛሬም «ደቡብ ክልል» ውስጥ ቢያስቀምጣት አይግረማችሁ፤ ከኮፒ ቤት የተገዛው «ማጣቀሻ» የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መመሥረቱን ገና አልሰማም። «የአሁኑ የሕዝብ ብዛት» የሚለውም ከ1999ኙ ቆጠራ የተቀዳ ነው፤ ያኔ የተቆጠሩት ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው ጥናት ያስጠርዛሉ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ታዲያ ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? ጥናቱ ወደ እንሰት ሲመጣ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲፍቁት የኖሩት እናት «ምንጭ» አይደሉም፤ የገጽ ቁጥር የላቸውማ! ሰው ይረሳል፣ ያጋንናል ይባላል። እውነት ነው። እሳቸውን ግን «እንዴት አወቁ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረገውን ወረቀት ማን ይጠይቀዋል? ደግነቱ ጥራዙ ያምራል።